ከኦስሎ ወደ ፍሮያ ደሴት ልንዛወር ነው፤ የኖርዌይን ደሴቶች የምታውቁ እስቲ ምከሩን

የኦስሏ እናት፦

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? ባለቤቴ ፍሮያ ላይ በሚገኝ የሳልሞን ፋብሪካ ሥራ አግኝቷል። ቅጥሩ ቋሚ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ አንደኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ባርነሃጌ (መዋዕለ ሕፃናት) ይውላል። ባለቤቴ ልቡ ሄዷል፣ ቤት ሁሉ ማየት ጀምሯል። እኔ ግን ደሴት ሲባል ገና ሆዴን ባር ባር ይለኛል። የደጋ ልጅ ነኝ፤ ከጣና ገዳማት ሌላ ደሴት አላውቅም።

የምጠይቃችሁ ስለ ፍሮያ ብቻ አይደለም። ሎፎተንም፣ ትሮምሶም፣ ሌላም ደሴት ላይ የምትኖሩ ካላችሁ ኑሮው እንዴት ነው? ልጅ ሌሊት ቢታመም ምን ይደረጋል? ነፋሱና ጨለማውስ? ሰው ይቀርባል ወይስ ብቻችንን ነው የምንቀረው? የቱሪስት ፎቶ ብዙ አይቻለሁ። የኖራችሁበትን ንገሩኝ።

የሂትራ ጎረቤት፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የምኖረው ሂትራ ነው፣ ከፍሮያ አጠገብ። ሥራዬ ግን ፍሮያ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ጀልባ ጠብቀሽ አይደለም የምትወጪው። ሂትራ ከዋናው መሬት ጋር በባሕር ሥር ዋሻ የተገናኘችው በ1994 ነው። ፍሮያ ደግሞ በ2000 ከሂትራ ጋር ተገናኘች። (ዓመቱንና ወሩን እዚህ ሁላችንም በፈረንጆቹ ነው የምንጽፈው።) የሂትራው ዋሻ ከባሕር ጠለል በታች 264 ሜትር ይወርዳል። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮ ይደፍናል፣ ከዚያ ይለመዳል። ትሮንድሃይም በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ነው፤ ትልቁ ሆስፒታል እዚያ ነው። የኮሙኔ (የአካባቢው አስተዳደር) ሐኪም እዚሁ አለ። ነገሩ ከባድ ከሆነ ሄሊኮፕተር ይመጣል።

ሥራውን በተመለከተ፣ ይህ አካባቢ የሳልሞን እርባታ የተጀመረበት ነው። በ1970 ሂትራ ላይ ግሮንትቬት የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ሳልሞንን በባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ውስጥ አርብተው ተሳካላቸው። ዛሬ ኖርዌይ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ለውጭ ገበያ ትልካለች። ፍሮያ ወደ 5 ሺህ ሰው ነው ያላት፣ ግን በፋብሪካው የማይሰማ ቋንቋ የለም። ፖላንዱ፣ ሊቱዌኒያው፣ ሩማኒያው፣ ኤርትራዊው፣ ሁሉም አለ። ስለዚህ «እንግዳ ነን» ብላችሁ አትጨነቁ፤ እዚህ ግማሹ ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል።

ሥራው ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። ፋብሪካው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ብርድ ነው፣ ቦቲና ጓንት አይወልቅም፣ ፈረቃው ሌሊት ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽ የጽሑፍ ውል ሳይዝ እቃ እንዳትጭኑ። በዓሣ ማቀነባበሪያ ዘርፍ በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ አለ፣ ከ2015 ጀምሮ። በየጊዜው ስለሚሻሻል የአሁኑን ከሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ተመልከቱ። ቤት አሠሪው የሚሰጣችሁ ከሆነ ደግሞ ኪራዩ ከደመወዝ የሚቆረጠው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ከተስማማችሁ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ የተጎዱ ልጆች አይቻለሁ። የሠራተኛ ማኅበርም ግቡ።

ነፋሱ? አዎ፣ አለ። ፍሮያ ላይ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ቀጥ ብሎ ከባሕር ይመጣል። ብርዱ ግን ከኦስሎ የቀለለ ነው። ሂትራ ስትመጡ ጫካ አለ፣ አጋዘንም ሞልቷል። ማታ ስትነዱ ቀስ በሉ።

ከሌክነስ፦

ሎፎተን ብለሽ ስለጠራሽ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አውቶቡስ እነዳለሁ። ይህን ቦታ እወደዋለሁና ትንሽ ቢረዝም ታገሡኝ።

ሎፎተን አንድ ደሴት አይደለም። ኦውስትቮጎያ፣ ቬስትቮጎያ፣ ፍላክስታዶያ፣ ሞስከነሶያ እየተባሉ ተያይዘው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳሉ። ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ቬሮይና ሮስት አሉ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በድልድይና በዋሻ ተገናኝተዋል፣ መንገዱ ኢ10 ይባላል። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ያለ ምንም ጀልባ ከዋናው መሬት በመኪና ትገቢያለሽ። ከቦዶ በጀልባ መምጣት የሚፈልግ ከሦስት ሰዓት በላይ ይጓዛል፤ ሆዱ ለማዕበል የሚደነግጥ ሰው መድኃኒት ይዞ ይሳፈር።

ቦታው ከአርክቲክ ክብ በላይ ነው። ካርታ ላይ ብታዪው በረዶ ግግር ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። ነገር ግን ከደቡብ የሚመጣ ሞቅ ያለ የባሕር ሞገድ ዳርቻውን ያልፋል። ሮስትና ቬሮይ ላይ የክረምቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በላይ ነው። እዚያው ኬክሮስ ላይ ሳይቤሪያ ውስጥ ያለው ብርድ ሌላ ዓለም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ዓሣው። ቶሽክ የሚባለው ኮድ ዓሣ ቀሪውን ጊዜ ባረንትስ ባሕር ውስጥ ነው የሚኖረው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን እንቁላሉን ለመጣል በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዋኝቶ ወደዚህ ይመጣል። ይህ ሲደርስ ከየአቅጣጫው ጀልባው ይጎርፋል። የኖርዌይ ንጉሥ ኦይስታይን በ1120 አካባቢ እዚሁ ሎፎተን፣ ቮጋን ላይ ለዓሣ አጥማጆች ማደሪያ ጎጆ እንዳሠራ ይነገራል። ዛሬ ቱሪስት የሚያድርባቸው ቀያይ የእንጨት ቤቶች የእነዚያ ጎጆዎች ልጆች ናቸው።

ዓሣው ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በጅራቱ ታስሮ ትልልቅ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል። እንደ ቋንጣ ነው፣ ግን ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ነፋስና ፀሐይ ብቻ ያደርቁታል። ይህ የሚሆነው የአየሩ ጠባይ ስለሚገጥም ነው፤ ቢሞቅ ዝንብ ያበላሸዋል፣ በጣም ቢበርድ ሥጋው በበረዶ ይሰነጣጠቃል። እዚህ በዚያ ወቅት ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ይዋልላል። 5 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ከዚያ ለዓመታት አይበላሽም። ቫይኪንጎች ያንን ሁሉ ባሕር ሲያቋርጡ ስንቃቸው እሱ ነበር። ቦርግ ላይ 83 ሜትር የሚረዝም የቫይኪንግ አለቃ ቤት ፍርስራሽ ተገኝቷል፤ አሁን አጠገቡ በሙሉ መጠኑ እንደገና ተሠርቶ ሙዚየም ሆኗል። ልጆችሽን እዚያ ውሰጃቸው።

የደረቀው ዓሣ ድሮ በበርገን ነጋዴዎች በኩል ወደ አውሮፓ ይሄድ ነበር። በጾም ሥጋ የማይበላው ካቶሊክ ሁሉ ገዢ ነበር። በ1432 ፒየትሮ ኩዌሪኒ የሚባል የቬኒስ ነጋዴ መርከቡ ተሰብራ፣ ከሞት የተረፉት ጥቂት ሰዎች ሮስት አጠገብ ያለ ደሴት ላይ ወደቁ። የሮስት ዓሣ አጥማጆች አግኝተዋቸው ወራት አስጠለሏቸው፣ አበሏቸው። ሲመለሱ ደረቅ ዓሣ ይዘው ገቡ። ኩዌሪኒ ስለ ደሴቲቱ ሰዎች ደግነት የጻፈው እስከ ዛሬ አለ። ጣልያን አሁንም የሎፎተን ደረቅ ዓሣ ትልቅ ደንበኛ ናት። ጭንቅላቱ ደግሞ ናይጄሪያ ይሄዳል። እዚያ በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ በእርዳታ ከገባ ወዲህ ፍላጎቱ ይበልጥ ጨመረ። ከጭንቅላቱ ላይ ምላሱን የሚቆርጡት ልጆች ናቸው። የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቢላዋ ይዞ፣ ከትምህርት ቤት በኋላ ሠርቶ የራሱን ገንዘብ ያገኛል። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ደነገጥኩ። አሁን የእኔም ልጅ ይሠራል።

ችግሩ ቤት ነው። ጥሩ ጥሩው ቤት ሁሉ ለቱሪስት በሌሊት ሂሳብ ይከራያል፣ ሠራተኛ ግን የሚከራየው ያጣል። በበጋ መንገዱ በካምፒንግ መኪና ይጨናነቃል። ይህ ያናድደኛል። ዓሣውን የሚያወጣው ሰው መኖሪያ ካጣ ቱሪስቱ ምን ሊያይ ነው የሚመጣው?

ትሮምሶ ነኝ፦

ጨለማውን እኔ ልመልስ። ትሮምሶም እኮ ደሴት ናት! ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከዋናው መሬት ጋር ድልድይ የተሠራላት በ1960 ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ ትልቅ ሆስፒታል፣ አየር ማረፊያ፣ ሁሉም ደሴቲቱ ላይ ነው።

ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ፀሐይ አትወጣም። ግን ድቅድቅ ጨለማ አይደለም። እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ሰማያዊና ሮዝ ብርሃን ይኖራል፣ በረዶው ያንጸባርቀዋል። ፀሐይ ስትመለስ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ይቀበላታል፣ ልጆች ጣፋጭ ዳቦ ይበላሉ። በግንቦትና በሐምሌ መሃል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይም ፀሐይ አልጠለቀችም። ወፍራም መጋረጃ ግዢ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ረመዳን በዚህ ወቅት ሲውል ፀሐይ ስለማትጠልቅ ብዙዎቹ የመካን ሰዓት ይከተላሉ።

ፍሮያ ግን በጣም ደቡብ ናት፣ ፀሐይ በየቀኑ ትወጣለች። በታኅሣሥ ግን ቀኑ አጭር ነው፣ ከኦስሎም ከአንድ ሰዓት በላይ ያጥራል።

አንድ ምክር፦ እኛ ቆዳችን ጠቆር ያለ ሰዎች በዚህ ብርሃን ቫይታሚን ዲ በቀላሉ ይጎድለናል። ራስሽም ልጆችሽም ተመርመሩ። ኖርዌጂያኖቹ በክረምት የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ የሚጠጡት በከንቱ አይደለም። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጣሉ፣ ግን ይጠጣሉ።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ስቫልባርድ የሚባሉት ደሴቶች ላይ ያለ ቪዛ መኖር ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው? ብዙ ልጆች ስለዚህ ያወራሉ።

የሕግ ተማሪ፦

አዲስ ገቢ፣ ጥሩ ጠየቅክ፣ ምክንያቱም በዚህ ወሬ ሰው ተታልሎ ገንዘቡን እንዲከስር አልፈልግም።

ስቫልባርድ በ1920 ፓሪስ በተፈረመ ውል የኖርዌይ ግዛት ሆኖ ታወቀ፣ ውሉ የጸናው በ1925 ነው። እዚያ ለመኖር ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም፤ ይህ እውነት ነው። አሁን ሌላውን ስማ። ወደዚያ የምትበረው በኦስሎ ወይም በትሮምሶ በኩል ነው። ለኖርዌይ ቪዛ የሚያስፈልግህ ከሆነ ለመሸጋገሪያው የሸንገን ቪዛ ትጠየቃለህ፣ ስትመለስም እንደገና መግባት አለብህና ሁለቴ የሚያስገባ መሆን አለበት። እዚያ የማኅበራዊ እርዳታ የለም። ራሱን መቻል ያልቻለን ሰው የደሴቶቹ አስተዳዳሪ ሊያስወጣው ይችላል። ዋናዋ ከተማ ሎንግየርቢየን ላይ ቤት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ጋር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የመውለጃዋ ጊዜ ሲቀርብ ወደ ዋናው መሬት ትሄዳለች። ከመንደሩ ስትወጣ የዋልታ ድብ ስላለ መከላከያ ይዘህ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ የኖርክበት ጊዜ ለኖርዌይ ቋሚ መኖሪያ ወይም ዜግነት አይቆጠርም። ዋናው መሬት ላይ ፈቃድ ያለህ ሰው ሄደህ ብትኖር ዓመታትህን ልታጣ ትችላለህ። ሥራ ይዞ፣ አስቦበት ለሚሄድ ግን ሎንግየርቢየን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ሰው ያለባት፣ ከብዙ አገር የመጣ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት።

የዘር ጠባቂ፦

ስቫልባርድ ከተነሳ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ተራራ ውስጥ ተቆፍሮ በ2008 የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ እዚያ ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ የዘር ናሙና በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተቀምጧል። አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክም መጠባበቂያውን እዚያ አስቀምጧል። በሶሪያ ጦርነት ምክንያት አሌፖ አጠገብ የነበረው የዘር ባንክ ሥራው ሲስተጓጎል፣ በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ዘር ከዚህ ማከማቻ ወጣ። ተዘርቶ፣ ተባዝቶ ተመልሶ ገባ። እኔ ግብርና ነው የተማርኩት፤ በእኛ አገር ገበሬ እጅ ያለው የገብስና የማሽላ ዓይነት ስንት ሺህ ዓመት እንደፈጀ አውቃለሁ። መጠባበቂያ መኖሩ ያስደስተኛል፤ ዋናው ግን በማሳው ላይ እንዳይጠፋ ነው።

የኦስሏ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ እያነበበ ነው። የሂትራ ጎረቤት፣ ያልከውን የኪራይ ነገር አላወቅንም ነበር፣ ነገ ውሉን እንጠይቃለን። የጾም ወሬ ስለተነሳ፣ ዓሣ ፋብሪካ መሥራትና ጾም እንዴት ነው?

ማኅሌት ቆሜ፦

እህቴ፣ መንካትና መብላት ለየቅል ናቸው። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ የቆየ ነው፤ እኔ አልበላም። ለቀረው የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የሚከብደው ቅዳሴ ነው፣ ለበዓል ወደ ከተማ መንዳት ይኖርባችኋል።

የምፅዋ ልጅ፦

ልጄ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አልፎ አልፎ ነው እዚህ የምጽፈው። «ከጣና ሌላ ደሴት አላውቅም» ያልሽው ነካኝ። እኔ የዳህላክን ደሴቶች እያየሁ ነው ያደግኩት። አጎቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በ1950ዎቹ ሲቋቋም በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ሥራ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ኖርዌጂያን መኮንኖች ናቸው። አጎቴ ስለ እነሱ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያነሳው በባሕር ላይ ያላቸውን ጸጥታ ነበር። ማዕበል ሲነሳ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ አይጮኹም ይል ነበር።

እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነገሩ ገባኝ። ከ200 ሺህ በላይ ደሴት ያለው ሕዝብ ነው። አያቶቻቸው በጀልባ ነው ገበያ የሄዱት፣ በጀልባ ነው ቤተ ክርስቲያን የሳሙት፣ ሙታናቸውንም በጀልባ ነው የወሰዱት። ባሕሩ ጠላት አልነበረም፣ መንገድ ነበር። ስለዚህ የደሴት ሰው ዝምተኛ ነው ብለሽ አትፈሪ። ሰላምታ ካልመለሰልሽ ጠልቶሽ አይደለም። ቡና አፍልተሽ በር አንኳኪ፣ የሚሆነውን ታያለሽ።

የሂትራ ጎረቤት፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ያሉት እውነት ነው። የእኛ ጎረቤት ለሁለት ወር ራሱን ብቻ ይነቀንቅልኝ ነበር። መኪናዬ ነፋስ ላይ ስትቆም ግን ሳልጠራው መጣ።

ቬጋ ላይ የሠራሁ ነርስ፦

ስለ ደሴት ሴቶችም አንድ ነገር ልጨምር። ቬጋ የምትባል ደሴትና በዙሪያዋ ያሉት ትንንሽ ደሴቶች በ2004 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ምክንያቱ የባሕር ዳክዬ ነው። ሰዎቹ ለዱር ዳክዬዎቹ ከእንጨትና ከድንጋይ ጎጆ ይሠሩላቸዋል፣ በደረቀ የባሕር ሣር ያነጥፉላቸዋል። ዳክዬዋ ከባሕር መጥታ ትፈለፍላለች፣ ሰዉ ያኔ በዝግታ ነው የሚራመደው፣ ውሻ ይታሰራል። ጫጩቶቿን ይዛ ስትሄድ የተወችው ላባ ይሰበሰባል፣ ተጠርጎ ብርድ ልብስ ይሆናል። ለአንድ ብርድ ልብስ ወደ 60 ጎጆ ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። ወንዶቹ ለዓሣ ሎፎተን ሲወርዱ ይህን ያቆዩት ሴቶቹ ናቸው። ዩኔስኮ ሲመዘግበውም የእነሱን ድርሻ ለይቶ ጠቅሷል።

ሥራ ፈላጊ ለሆናችሁ፦ ነርስና የአረጋውያን ተንከባካቢ የማይፈልግ የደሴት ኮሙኔ አላየሁም። እህቴ፣ አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?

ሰሜን ጫፍ፦

ከሆኒንግስቮግ ሰላም። ከማገሮያ ደሴት ነው፣ ኖርድካፕ የሚባለው የሰሜን ጫፍ ገደል ያለበት። ስለ ገንዘብ ማንም አላነሳምና፦ ፊንማርክና ሰሜን ትሮምስ የሚኖር ሰው ግብሩ ይቀንስለታል፣ የተማሪ ብድርም እዚህ እየኖረ ከሠራ በየዓመቱ ይሰረዝለታል። ድልድይም ዋሻም የሌላቸው ብዙ ደሴቶች ጀልባቸው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በነጻ ሆኗል። መንግሥት ይህን የሚያደርገው ደሴቶቹ ባዶ እንዳይቀሩ ነው። ፍሮያ ግን በዚህ የግብር ቀጠና ውስጥ አይደለችም፣ እንዳትደናገሩ።

ሼርቮይ ደሴት አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ሄሪንግ ዓሣ ተከትለው ዓሣ ነባሪዎች ይመጣሉ። በሕይወት አንዴ ማየት ነው።

የኦስሏ እናት፦

እኔ የአረጋውያን ቤት ነው የምሠራው፣ ረዳት ነርስ ነኝ። እንግዲህ ሥራ አለ ማለት ነው። ከመወሰኔ በፊት ልጆቹ ደሴት ምን እንደሚመስል እንዲለምዱ እዚሁ ኦስሎ የሚታይ ነገር አለ?

የአከር ልጅ፦

አለ እንጂ! ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ጀልባ ተሳፈሪ፣ የአውቶቡስ ካርድሽ ይሠራል። ሆቨዶያ ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ በ1147 የተመሠረተ የገዳም ፍርስራሽ አለ፣ ለልጆች መዋኛም አለ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ መናፈሻ ነው። ፍሮያን ለማወቅ ፍሮያ ሂጂ፣ ያውም በኅዳር። በሐምሌ ያየሽው ደሴት አይቆጠርም።

የሂትራ ጎረቤት፦

ትክክል። በኅዳር ኑ፣ እኛ ቤት ታድራላችሁ። ባለቤቴ ኤርትራዊት ናት፣ እንጀራ አይጠፋም። ሰኞ ጠዋት ኮሙኔው ጋ ወስጄሽ የአረጋውያን ቤቱን ኃላፊ አገናኝሻለሁ፣ የባርነሃጌውንም ቦታ እዚያው እንጠይቃለን። የባርነሃጌ ማመልከቻ ዋናው ማብቂያ በብዙ ኮሙኔ መጋቢት መጀመሪያ ነውና አታዘግዩት። በግል መልእክት ስልኬን እልክልሻለሁ።

የኦስሏ እናት፦

በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ እንመጣለን። ቡናውን እኔ ነኝ የማመጣው።